«3 ኔት ካርብ» የሚለውን ፕሮቲን ባር ገልብጣችሁ አንብቡት

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ነው የምሠራው። ገንዘብ እቀበላለሁ፣ ቡና አፈላለሁ፣ ዕቃ እደረድራለሁ። ፕሮቲን ባሮቹ ከማስቲካውና ከቸኮሌቱ ጎን፣ ደንበኛው ካርዱን እስኪያወጣ ድረስ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ናቸው። ቦታው በአጋጣሚ አልተመረጠም።

ጠዋት ጠዋት የሚመጡት አብዛኞቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ኡበር የሚነዱ፣ ከሌሊት ሺፍት የወጡ ነርሶች፣ ሬገን ኤርፖርት የሚሠሩ። ግማሹ ዳይት ላይ ነው። ባሩን አንስተው ፊቱን ያያሉ። «20 ግራም ፕሮቲን፣ 3 ኔት ካርብ» ይላል፤ ኔት ካርብ ተቀናንሶ የተረፈ ካርቦሃይድሬት ለማለት ነው። «ይቺማ ምንም የላትም» ብለው ይከፍላሉ። ሁለት የሚወስድም አለ፤ ሁለቱን በ5 ዶላር ስለምንሸጥ።

እኔም ሐኪሜ «ኤ ዋን ሲሽ ከ5.7 አልፏል፣ ተጠንቀቂ» ካለችኝ ወዲህ ካርቦሃይድሬት እቆጥራለሁ (ኤ ዋን ሲ የሦስት ወር ገደማ የደም ስኳር አማካይ ነው)። ሰው በማይበዛበት ሰዓት መደርደሪያው ላይ ያለውን እየገለበጥኩ አነባለሁ። ዶክተር አይደለሁም። ግን ሌብል ለማንበብ መደመርና መቀነስ፣ ትንሽም ማባዛት ይበቃል። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ደግሞ በነፃ ነው።

ፊቱ የኩባንያው፣ ጀርባው የሕጉ

አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ባር ጀርባ ላይ ያለው ሰንጠረዥ በሕግ የተደነገገ ነው። የሚቆጣጠረው ኤፍዲኤ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። የትኛው መሥመር የት እንደሚጻፍ፣ የፊደሉ መጠን ምን ያህል እንደሚሆን ሳይቀር ይወስናል። አሁን የምናየው መልክ በፈረንጆቹ 2016 የጸደቀው ነው። ትልልቆቹ አምራቾች ከ2020 መግቢያ፣ ትንንሾቹ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ እንዲጠቀሙበት ተደረገ። የተጨመረ ስኳር ለብቻው መጻፍ የጀመረውም በዚሁ ነው።

ፊቱ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ኔት ካርብ» ግን ኤፍዲኤ ትርጉም ያላወጣለት ቃል ነው። «ሎው ካርብ» ለማለትም ይህን ያህል ግራም ይሁን የሚል ደንብ የለም። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርም ኔት ካርብን አይቀበለውም፤ ቶታል ካርቦሃይድሬቱን እዩ ነው የሚለው።

ቁጥሩ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ኩባንያው የራሱን ሒሳብ ሠርቶ ያገኘው መልስ ነው። ከጠቅላላው ካርቦሃይድሬት ላይ ፋይበሩን ይቀንሳል። ሹገር አልኮሉን (የማጣፈጫ ዓይነት ነው) ይቀንሳል። አሉሎስ የሚባለው ማጣፈጫ ካለበትም እሱንም ይቀንሳል። የተረፈውን ፊቱ ላይ ይለጥፋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያ ሁሉ የተቀነሰው ነገር ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ በእርግጥ ዜሮ ነው ወይ? አንዳንዱ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዱ በፍጹም አይደለም።

ከላይ ወደ ታች

መጀመሪያ «ሰርቪንግ ሳይዝ» የሚለውን እዩ፤ ሰንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮች የተሰሉበት የአንድ ጊዜ መጠን ነው። አብዛኛው ባር አንዱ አንድ ሰርቪንግ ነው፤ ክብደቱ ከ40 እስከ 70 ግራም ይሆናል። በከረጢት የሚሸጡት ትንንሾቹ ላይ ግን አንድ ሰርቪንግ ሁለት ፍሬ ሊሆን ይችላል፣ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ሁለት ባር ስታወዳድሩም ክብደታቸውን አብራችሁ እዩ። አንዷ «ካርቧ ትንሽ ነው» የተባለችው መጠኗ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ «ቶታል ካርቦሃይድሬት» ውረዱ። በደማቁ የተጻፈው እሱ ነው። ከሥሩ ያሉትን መሥመሮች ልብ በሏቸው፤ ከጠርዙ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው የተጻፉት። ገባ ብሎ የተጻፈ ሁሉ ከላዩ ባለው ውስጥ ተቆጥሯል። ፋይበሩ፣ ስኳሩ፣ ሹገር አልኮሉ ሁሉ የቶታሉ አካል ናቸው። «አዲድ ሹገርስ» (የተጨመረ ስኳር) የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ገባ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ እሱ የ«ቶታል ሹገርስ» አካል ነው። ብዙ ሰው 22 ካርብ፣ 9 ፋይበር፣ 10 ሹገር አልኮል ሲያይ ደምሮ 41 ይላል። አይደመርም። ጠቅላላው 22 ነው።

በስተቀኝ ያለውን ፐርሰንት ዳይት ላይ ላለ ሰው እኔ አልመክርም። ለካርቦሃይድሬት የተሠራው በቀን 275 ግራም ለሚበላ ሰው ነው። በቀን 100 ግራም ለሚቆጥር ሰው «8 በመቶ» የሚል ጽሑፍ እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ አይጠቅመውም። ለተጨመረ ስኳር ግን ፐርሰንቱን እጠቀምበታለሁ፤ የቀን ጣሪያው 50 ግራም ነው። 34 በመቶ የሚል ባር ካያችሁ የቀኑን ሲሶ በአንድ ጉርሻ ጨረሳችሁት ማለት ነው።

«ሹገር አልኮል» የሚለው መሥመር ሁልጊዜ አይገኝም። ባሩ ላይ ስለ ስኳር ወይም ስለ ሹገር አልኮል የተባለ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ «ሹገር ፍሪ» ከተባለ፣ መጻፍ ግዴታ ነው። አለዚያ ለአምራቹ የተተወ ነው። ስለዚህ መሥመሩ የለም ማለት ነገርየው የለም ማለት አይደለም። ኢንግሪዲየንቱን፣ ባሩ ከምን ከምን እንደተሠራ የሚናገረውን ዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። (ሙስሊም ደንበኞቼ «አልኮል አለበት?» ብለው ይጠይቁኛል። የሚያሰክረው አልኮል አይደለም፤ የማጣፈጫ ዓይነት ነው። ከእንስሳ የሚሠራው ጄላቲን ካለበት ግን የምን ጄላቲን እንደሆነ ማጣራት የእናንተ ነው።)

ፋይበሩ ከየት መጣ?

ባር ውስጥ ያለው ፋይበር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጎመን ወይም እንደ ገብስ ቆሎ ከእህሉ ጋር አብሮ የመጣ አይደለም። ተለይቶ ተሠርቶ የተጨመረ ነው። ኢንግሪዲየንቱ ላይ «ኢንዩሊን» ወይም «ቺኮሪ ሩት ፋይበር»፣ «ሶሉብል ኮርን ፋይበር»፣ «ፖሊዴክስትሮስ»፣ «ታፒዮካ ፋይበር» የሚባሉትን ታያላችሁ። የተጨመረ ፋይበር እንደ ፋይበር እንዲቆጠር ኤፍዲኤ ጥቅሙን ማመን አለበት። ኢንዩሊንንና ፖሊዴክስትሮስን ተቀብሏል። በአንድ ወቅት ባሮች ውስጥ በብዛት ይገባ የነበረውን «አይሶማልቶ ኦሊጎሳካራይድ» የሚባለውን ግን አልተቀበለውም፤ ከፊሉ እንደ ማንኛውም ካርብ ስለሚፈጭ። ከሌላ አገር በመጣ ባር ላይ ወይም በአሮጌ ማሸጊያ ላይ ይህን ስም ካያችሁ «ፋይበር» ተብሎ የተቀነሰውን አትመኑ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «ታፒዮካ ፋይበር» እና «ታፒዮካ ሲረፕ» ጎን ለጎን ሲነበቡ ወንድማማች ይመስላሉ። ሁለተኛው ስኳር ነው። «ብራውን ራይስ ሲረፕ»ም ስኳር ነው፤ ቡናማ ሩዝ የሚለው ስም ጤነኛ አስመሰለው እንጂ። አጋቬም፣ ማርም፣ ኬን ሹገርም ያው ናቸው። ኢንግሪዲየንት የሚጻፈው ከብዙ ወደ ትንሽ ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ሲረፕ ካለ ሌላውን ማንበብ እንኳ አያስፈልግም።

ሆድ ውስጥ የሚሆነውም እንዲህ ነው። የሚሟሟው ፋይበር ትንሹ አንጀት ውስጥ ሳይፈጭ ያልፋል፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚያ ትንሽ ጉልበት እናገኛለን። አምራቾቹም በግራም 2 ካሎሪ አድርገው ይቆጥሩታል። ደም ውስጥ ስኳር ሆኖ ባይገባም ለካሎሪ ግን ዜሮ አይደለም። የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ጋዝ ስለሚያወጡ ሆድ መንፋቱም ከዚሁ ነው።

ሹገር አልኮል ሁሉ አንድ አይደለም

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። «10 ግራም ሹገር አልኮል» ሲል የትኛው እንደሆነ ሰንጠረዡ አይነግራችሁም። ኢንግሪዲየንቱ ነው የሚነግራችሁ።

ኤሪትሪቶል ከሆነ መቀነሱ ያስኬዳል። አብዛኛው ወደ ደም ገብቶ፣ ምንም ሳይሆን በሽንት ይወጣል። ካሎሪውም ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ሙሉውን ቀንሱት።

ማልቲቶል ከሆነ ግን ቆም በሉ። በግራም 2.1 ካሎሪ አለው፤ ስኳር 4 ነው። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል፤ ከተራው ስኳር ቀስ ብሎና አነስ አድርጎ ቢሆንም። ቸኮሌት የተለበጡት ባሮች ላይ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ እሱን ነው፤ ጣዕሙ ለስኳር በጣም ስለሚቀርብ። ዛይሊቶል በግራም 2.4፣ ሶርቢቶል 2.6 ናቸው። በኤሪትሪቶል ስም የተለመደውን ቅነሳ በማልቲቶል ላይ ማድረግ ነው «3 ኔት ካርብ» የሚባለውን ቁጥር የሚፈጥረው።

የስኳር ሕመም አስተማሪዎች የሚሰጡት ቀላል መላ አለ፦ ሹገር አልኮሉ ከ5 ግራም ከበለጠ ግማሹን ብቻ ቀንሱ። እኔ የምሠራው በዚህ ነው። ኤሪትሪቶል ብቻ እንደሆነ ካረጋገጥኩ ሙሉውን እቀንሳለሁ፤ ሌላ ከሆነ ወይም የተቀላቀለ ከሆነ ግማሹን።

ስለ ሆድ ካነሳን አይቀር ለሾፌሮቹ አንድ ነገር ልበል። ማልቲቶልና ሶርቢቶል ያልተፈጨው ክፍላቸው አንጀት ውስጥ ውኃ ይስባል። ሁለቱን በ5 ዶላር ገዝቶ፣ ሁለቱንም በባዶ ሆድ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ትራፊክ ውስጥ የተያዘ ሰው የሚሆነውን እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩትን ባር ሥራ በሌላችሁ ቀን፣ ቤታችሁ ሆናችሁ፣ ግማሹን ብሉ።

አሉሎስን በአጭሩ ልጥቀሰው። በግራም 0.4 ካሎሪ ነው። ኤፍዲኤ ከ«ቶታል ሹገርስ» እና ከ«አዲድ ሹገርስ» እንዲወጣ ፈቅዷል፤ «ቶታል ካርቦሃይድሬት» ውስጥ ግን መቆጠሩ አልቀረም። ስለዚህ ስኳሩ 1፣ ፋይበሩ ትንሽ፣ ካርቡ ግን 20 ምናምን የሆነ ባር ስታዩ ግራ አይግባችሁ። ኢንግሪዲየንቱ ላይ አሉሎስ መኖሩን እዩ። መቀነሱም ተገቢ ነው።

ካሎሪው ሲመሰክር

አሁን ሒሳቡን በቁጥር እንሥራው። የባሩን ስም ልተወውና ጀርባው ላይ ይህ ተጽፏል እንበል፦ 200 ካሎሪ፣ ስብ 8 ግራም፣ ቶታል ካርቦሃይድሬት 22፣ ፋይበር 9፣ ስኳር 1፣ ሹገር አልኮል 10 (ኢንግሪዲየንቱ ማልቲቶል ይላል)፣ ፕሮቲን 20። ፊቱ ላይ «3 ኔት ካርብ» ይላል፤ 22 ሲቀነስ 9፣ ሲቀነስ 10። ልክ ነው፣ 3።

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። አንድ ግራም ፕሮቲን 4። አንድ ግራም ተራ ካርብም 4። ስለዚህ ስቡ 72 ካሎሪ ነው፣ ፕሮቲኑ 80። ሁለቱ አንድ ላይ 152። ባሩ ግን 200 ነኝ ብሏል። 48 ካሎሪ ቀረ። ይህ ከካርቡ በቀር ከየትም ሊመጣ አይችልም። 48 ለ4 ሲካፈል 12 ግራም ካርብ ነው።

በእርግጥ ካርቡ 3 ግራም ብቻ ቢሆን ኖሮ 12 ካሎሪ ብቻ ነበር የሚቀረው። የቀረው 36 ካሎሪ የመጣው «ምንም አይደሉም» ተብለው ከተቀነሱት 19 ግራሞች ነው። ኩባንያው ፊቱ ላይ ዜሮ ያላቸውን ጀርባው ላይ ራሱ ቆጥሯቸዋል! ይህን መጀመሪያ ሳየው ለብቻዬ ሳቅኩ።

ታዲያ ትክክለኛው 3 ነው ወይስ 12? የምትቆጥሩት ምን እንደሆነ ይወስነዋል። ክብደት ለመቀነስ ካሎሪ የምትቆጥሩ ከሆነ 200ው ካሎሪ በቂ ነው፤ ኔት ካርቡን እርሱት። ለደም ስኳር ከሆነ የፋይበሩ ጉልበት ደም ውስጥ ስኳር ሆኖ ስለማይገባ 12 ይበዛበታል። ፋይበሩን ሙሉ፣ ማልቲቶሉን ግማሽ ስንቀንስ 8 ይመጣል። እኔ 8 ብዬ እጽፋለሁ። ከ3 ጋር ሲተያይ ከእጥፍ በላይ ነው፤ በቀን 20 ግራም ለሚቆጥር የኬቶ (ካርብን በጣም የሚቀንስ ዳይት) ሰው ቀልድ አይደለም።

ቁጥሮቹ የተጠጋጉ መሆናቸውን አትርሱ። ግራሙ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር፣ ከ50 በላይ ያለ ካሎሪ ደግሞ ወደ ቅርቡ አሥር ይጠጋጋል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ግራም ወዲህ ወዲያ ቢል አትጨነቁ። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ነው መጠርጠር።

ሌላ ባር እንይ። ተራራና ሯጭ ከተሳለባቸው አንዱ። 250 ካሎሪ፣ ስብ 6፣ ካርብ 44፣ ፋይበር 4፣ ስኳር 18፣ ከዚያ ውስጥ 17ቱ የተጨመረ፣ ፕሮቲን 10። ስቡ 54፣ ፕሮቲኑ 40፣ ድምሩ 94። የቀረው 156 ለ4 ሲካፈል 39። ከ44 ላይ 4 ፋይበር ብንቀንስ 40። ገጠመ። ይህ ባር የደበቀው ነገር የለም፤ ካርቡም በግልጽ ብዙ ነው። የተሠራው ለሚሮጥና ተራራ ለሚወጣ ሰው ነው። መኪና ውስጥ አሥር ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው አይደለም። ፕሮቲን የሚለውን ፊቱ ላይ ስላየን ብቻ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቦታ እንደረድረዋለን እንጂ ከከረሜላ ብዙም አይርቅም። 17 ግራም ስኳር ከአራት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው፤ ሻያችሁ ውስጥ ብጨምረው ትጣሉኝ ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት በቴምር የተሠራው ነው። «ኖ አዲድ ሹገር» ይላል፤ እውነቱን ነው። ቴምሩ ሙሉ ፍሬ ሆኖ ስለገባ ስኳሩ «የተጨመረ» አይባልም። ግን ከፍ ብላችሁ «ቶታል ሹገርስ» የሚለውን ስታዩ 14 ግራም ታገኛላችሁ። ደማችሁ ስኳሩ ከቴምር ይምጣ ከከረጢት ለይቶ አይቀበልም። የሚሻለው አብሮት ፋይበርና ለውዝ ስላለ ነው። እኔ በግሌ ከማልቲቶሉ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ምን እንደበላሁ አውቃለሁ፤ ሆዴም አይጮህም። ግን 23 ካርብ ከሆነ 23 ካርብ ነው፤ ግማሹን እበላለሁ።

ስኳር ላለባቸው

ጠዋት ጠዋት የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው።

«ልጄ፣ ይቺ ለስኳር ትሆናለች? ‹ሹገር ፍሪ› ትላለች።»

«ጋሼ፣ ስኳር ባይኖራትም ካርብ አላት። እዚህ ጋ ይዩት፣ 22።»

«ታዲያ ለኔ ምን ተረፈኝ?»

«ግማሿ።»

«ዋጋዋንስ ግማሽ ታደርጊልኛለሽ?»

ዋጋውን አላደረግኩላቸውም። ነገሩ ግን እንደዚያ ነው። «ሹገር ፍሪ» ማለት በአንድ ሰርቪንግ ከግማሽ ግራም ያነሰ ስኳር አለ ማለት ነው። ስለ ሌላው ካርብ ምንም አይልም።

በየምግቡ ልክ ኢንሱሊን የምትወጉ ከሆነ ፊቱ ላይ ባለው ኔት ካርብ ተነሥታችሁ መጠን አታስሉ። ከቶታሉ ተነሡ፤ ምን ያህል መቀነስ እንዳለባችሁ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። በስኳር ትምህርት 15 ግራም ካርብ እንደ አንድ «ካርብ ሰርቪንግ» ይቆጠራል፤ በዚህ ልክ ማሰብ ለብዙ ሰው ይቀላል። የደም ስኳር መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ዳኛ እሱ ነው። ከመብላታችሁ በፊት ለኩ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ። ማልቲቶልና ፋይበር የበዛበት ባር ዘግየት ብሎ ሊያነሣ ስለሚችል ሦስተኛው ሰዓት ላይም አንድ ጊዜ ብታዩ ጥሩ ነው። ሌላ ምግብ ሳትቀላቅሉ ባሩን ብቻ በሉና ለኩ፤ አለዚያ ጥፋተኛው ባሩ ይሁን ዳቦው አይታወቅም።

አንድ ሌላ ነገር። ስኳራችሁ ሲወርድ፣ ስትንቀጠቀጡና ሲያልባችሁ፣ ፕሮቲን ባር አታንሱ። ስቡና ፕሮቲኑ ያዘገዩታል። ያኔ የሚያስፈልገው ፈጣን ስኳር ነው፦ ግማሽ ካፕ (120 ሚሊ ሊትር ገደማ እንጂ የቡና ስኒ አይደለም) ጭማቂ ወይም 15 ግራም የሚሆን የግሉኮስ ታብሌት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም። መኪናችሁ ውስጥ ባር የምታስቀምጡ ሰዎች ጭማቂም አስቀምጡ።

ከሌላ አገር የመጣ ባር

ከለንደን ወይም ከፍራንክፈርት ዘመድ ባር ሲያመጣላችሁ ሒሳቡ ይለወጣል። በአውሮፓ ሌብል ላይ «ካርቦሃይድሬት» የሚለው ቁጥር ፋይበርን አይጨምርም። ፋይበሩ ራሱን ችሎ በሌላ መሥመር ይጻፋል። ስለዚህ እንደ አሜሪካው እንደገና ከቀነሳችሁት ሁለቴ ቀነሳችሁ። «ፖሊዮልስ» የሚለው ሹገር አልኮሉ ነው፤ እሱ ግን ካርቡ ውስጥ ተቆጥሯል። ሁሉም ነገር ለ100 ግራምም ስለሚጻፍ ማወዳደር ይቀላል፤ ይህን ከአሜሪካው ይልቅ እወድለታለሁ። ባሩ 50 ግራም ከሆነ ለሁለት ማካፈል ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ወይም ዱባይ የምትገዙ ከሆነ አንዱ መደርደሪያ ላይ የአሜሪካውም የአውሮፓውም ጎን ለጎን ሊገጥማችሁ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ ፋይበሩ ከካርቡ ሥር ገባ ብሎ ከተጻፈና «ቶታል» ከተባለ የአሜሪካው ነው። ኪሎጁል (ሌላው የጉልበት መለኪያ) ካያችሁና የ100 ግራም ዓምድ ካለ የአውሮፓው ዓይነት ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ቀዩን ክብ ምልክት ታውቁታላችሁ፤ ማንኪያ የተሳለበት ስኳሩ ከ100 ግራም ውስጥ ከ10 ግራም በላይ ነው ማለት ነው። ስለ ማልቲቶልና ስለ ሌላው ካርብ ግን አይናገርም፤ ምልክት የለውም ብላችሁ ሳታነቡ አትለፉት።

በፆም

ፆም ሲገባ ጥያቄው ይለወጣል። «የፆም አለሽ?» ይሉኛል። አቋራጩ መንገድ ከኢንግሪዲየንቱ ሥር ብዙ ጊዜ በደማቁ የሚጻፈውን «ኮንቴይንስ» (ይዟል) የሚለውን ማየት ነው። ወተትና እንቁላል ካለበት እዚያ ወይም ኢንግሪዲየንቱ ውስጥ በስሙ መጻፉ ግዴታ ነው፤ የወተት ፕሮቲኖቹ ዌይና ካዜይን ይሁኑ፣ ኤግ ዋይት ይሁን። «ኮንቴይንስ» የሚል ከሌለ ዝርዝሩን አንብቡ። ጄላቲንና ኮላጅን ግን ከከብት ወይም ከአሳማ ከሆኑ አለርጂ ተብለው ስለማይቆጠሩ እዚያ አይገኙም። እነሱን ለማግኘት ዝርዝሩን ማንበብ ነው። «ቪጋን» ከተባለ ሁሉም የሉበትም። «ሜይ ኮንቴይን ሚልክ» የሚለው ደግሞ በዚያው ማሽን ወተት ያለበት ነገር ስለሚሠራ ሊነካካ ይችላል ለማለት ነው፤ የሱን ነገር ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ።

የፆም ባር ካርቡ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ፕሮቲኑ ከአተር፣ ከሩዝ ወይም ከአኩሪ አተር ነው፤ እሱን አጣብቆ ለመያዝ የለውዝ ቅቤና ሲረፕ ይገባበታል። ከ10 እስከ 15 ግራም ፕሮቲንና ከ20 በላይ ካርብ ያለው የተለመደ ነው። የተሻለውን ለመምረጥ እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ የተጨመረው ስኳር ከ5 ግራም በታች ይሁን፣ ፕሮቲኑ ከካርቡ ግማሽ አይነስ። ይህን የሚያሟላ ካጣሁ የለውዝ ቆሎ እገዛለሁ። አንድ እፍኝ፣ 28 ግራም ገደማ፣ 7 ግራም ፕሮቲንና 6 ግራም ካርብ አለው፤ ከካርቡም 2 ግራም ያህሉ ፋይበር ነው። ካሎሪው 160 ስለሚደርስ ከረጢቱን መኪና ውስጥ ከፍታችሁ አታስቀምጡ። ጨው የሌለውን ከፈለጋችሁ ከታች፣ ከሱፍ ፍሬው አጠገብ ነው ያለው።